ኦቨርሎክ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

የዛሬው የሙያ ትምህርታችን በልብስ ስፌት ላይ ነው። ቤታቸው የስፌት መኪና ያላቸው ብዙ ሰዎች የሚያነሱትን አንድ ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። «ኦቨርሎክ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» የሚለውን።

ጥያቄው የገንዘብ ብቻ አይደለም። እዚህ በዲሲና በአካባቢው በአፓርታማ ለሚኖር ቤተሰብ ጠረጴዛውም ሰዓቱም ውድ ነው። ከሥራ መልስ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ በምትገኝ ጊዜ ለበዓል የአገር ልብስ የምትሰፋ እናት፣ ለማኅበር ወይም ለሠርግ ቀሚስ የሚያስተካክል ባለሙያ፣ የልጁን ሱሪ ራሱ የሚያሳጥር አባት፣ ሁሉም በየፊናው ይህን መኪና አይቶ ልቡ ተነሥቶ ያውቃል። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ረጋ ብለን እንመካከር።

መልሱን ከወዲሁ ልንገራችሁና ምክንያቱን ደግሞ ላስረዳ። ኦቨርሎክ የሚያዋጣው ስፌት ለሚወድ ሁሉ አይደለም። አንድ ዓይነት ሥራ እየደጋገመ ለሚሠራ ሰው ነው የሚያዋጣው። የእኛ ነጭ የአገር ልብስ ደግሞ ለዚህ ውሳኔ የራሱ የሆነ ጥቅምም ጥንቃቄም አለው።

መጀመሪያ መኪናው ምን እንደሚሠራ በዓይናችሁ እንድታዩት ልጋብዛችሁ። የለበሳችሁትን ቲሸርት ጎን ገልበጥ አድርጉና የውስጥ ስፌቱን ተመልከቱ። መኪና እየነዳችሁ የምታዳምጡ ግን ቤት ስትደርሱ አድርጉት። ከጨርቁ ጠርዝ ገባ ብሎ አንድ ወይም ሁለት የመርፌ መስመር ታያላችሁ። ከመስመሩ እስከ ጠርዙ ድረስ ደግሞ ሌሎች ክሮች እየተጠላለፉ ጠርዙን ከላይም ከታችም አቅፈውታል። ጠርዙ ራሱ በመቀስ የተስተካከለ ያህል ቀጥ ያለ ነው። ቲሸርቱን ሳብ ብታደርጉት ስፌቱ አብሮ ይለጠጣል እንጂ አይበጠስም። የኦቨርሎክ ሥራ ይህ ነው።

ተራው የስፌት መኪና በሁለት ክር ይሠራል። አንዱ ከላይ በመርፌ ይወርዳል፣ ሌላው ከታች ከቦቢን ይወጣል። ኦቨርሎክ ቦቢን የለውም። ለቤት የሚሸጠው አብዛኛው በሦስት ወይም በአራት ክር የሚሠራ ሲሆን፣ አንድ ወይም ሁለት መርፌ አለው። ከመርፌዎቹ ሌላ ሉፐር የሚባሉ ሁለት ጥምዝ ብረቶች ክር እያቀበሉ ጠርዙን ይጠቀልላሉ። ከመርፌው ቀደም ብሎ ደግሞ ቢላዋ አለ፤ ትርፍ ጨርቁን እየቆረጠ ይሄዳል። መቁረጥ፣ መስፋትና መዘምዘም በአንድ ጉዞ ያልቃሉ ማለት ነው።

ይህ ዓይነቱ ስፌት በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት ሹራብ ፋብሪካ የነበራቸው የመሮው ቤተሰብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የፈጠሩት ነው። ለረጅም ጊዜ የፋብሪካ መኪና ብቻ ሆኖ ቆየ። ለቤት የሚሆነው ትንሹ ዓይነት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከጃፓን ነው። አገር ቤት ደግሞ ብዙ ልብስ ሰፊ የራሱ ኦቨርሎክ ስለሌለው፣ ጠርዙን ለማስመታት ጎረቤት ወዳለው ባለ ኦቨርሎክ ልብሱን ይልካል። ይህን ልማድ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ጨርቁ እንምጣ። ውሳኔያችሁን ከመኪናው ዋጋ በላይ የሚወስነው የምትሰፉት ጨርቅ ነው።

ከአዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ሸማ ወይም መነን እጃችሁ ላይ አለ እንበል። ሸማኔው ድሩን ወጥሮ ማጉን በእጁ እያቀበለ ነው የሠራው። ሽመናው ከፋብሪካ ጨርቅ ይልቅ ሳሳ ያለ ነው። በመቀስ የተቆረጠውን ጠርዝ በጣታችሁ ፈተግ ብታደርጉት ክሩ ወዲያው ይመዘዛል። ጠርዙ ሳይዘመዘም ልብሱ ከተሰፋና ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠበ፣ ክሩ እየተተረተረ ወደ ስፌቱ መስመር ይጠጋል፤ አንድ ቀን ብብቱ ሥር ይከፈታል። የበዓል ቀሚስ በዓመት ጥቂት ቀን ስለሚለበስ ችግሩ ቶሎ አይታይም። የሚታየው ልጅቷ ከታናሽ እህቷ ጋር ስትቀባበለው፣ እናት ለልጇ አቆየዋለሁ ስትል ነው። ጠርዙ የተያዘ ልብስ ግን ለትውልድ ይተርፋል።

ስለዚህ የአገር ልብስ የሚሰፋ ሰው የጠርዝ ነገር ግድ ይለዋል። ሆኖም ሁሉም ጠርዝ መዘምዘም አይፈልግም። የሸማኔ ጨርቅ በጠባብ ዕቃ ስለሚሠራ ግራና ቀኙ ዳር በሽመናው ራሱ የተዘጋ ነው፤ አይተረተርም። ቀሚሱን ስትቆርጡ የተዘጋውን ዳር ለጎን ስፌት ብታውሉት፣ የሚዘመዘመው ጠርዝ በብዙ ይቀንሳል። ጥለቱ ያለበት ጫፍም እንዲሁ ሳይቆረጥ ለእጅጌ ወይም ለቀሚሱ ታች ቢውል ይሻላል። ጥለት ክሩ ወፍራም ስለሆነና አንዳንዴም የሚያብረቀርቅ ክር ስለሚገባበት፣ ቢላዋውንም መርፌውንም ያስቸግራል። የነጠላ ዘርፍ ደግሞ በእጅ የሚቋጭ ነው፤ ኦቨርሎክ አጠገቡ አይደርስም።

ሌላው ጥንቃቄ ቢላዋው ነው። ተራ መኪና ቢሳሳት ስፌቱ ይፈታል። ኦቨርሎክ ሲሳሳት የቆረጠውን አይመልስም። ከአዲስ አበባ የመጣ ሸማ ቢበላሽ ደግሞ እዚሁ መንገድ ተሻግሮ የሚገዛ አይደለም። ጀማሪ ከሆናችሁ ቢላዋው ይታጠፋል ወይስ አይታጠፍም ብላችሁ ጠይቁ። በአብዛኛው የቤት ኦቨርሎክ ላይ ይታጠፋል፤ ቢላዋውን አጥፋችሁ ጠርዙን ብቻ መዘምዘም ትችላላችሁ። ስፒል ጨርቁ ላይ ረስታችሁ ወደ ቢላዋው እንዳታስገቡም አደራ። ስለቱ ይጎዳል፤ ስባሪው ዓይን ላይ ሊፈናጠር ይችላል።

በዚህ ላይ ኦቨርሎክ የማይሠራውን እንወቅ። የቁልፍ ቀዳዳ አይሠራም። ዚፕ ለመግጠም አይሆንም። የአንገት ጥልፍ፣ ከላይ የሚታይ የጌጥ ስፌት፣ ኪስ መለጠፍ፣ ጥለት ቀሚሱ ላይ ማሳረፍ፣ ይህ ሁሉ የተራው መኪና ሥራ ነው። ኦቨርሎክ ሁለተኛ መኪና ነው እንጂ የመጀመሪያውን አይተካም። እስካሁን የስፌት መኪና የሌለው ሰው ገንዘቡን ጥሩ ተራ መኪና ላይ ያውለው። ዚግዛግ ያለው፣ ወፍራሙንም ስሱንም ጨርቅ የሚችል ይሁን።

ቀጥለን ጊዜውን እናስላ። ሻጮች «ኦቨርሎክ ጊዜ ይቆጥባል» ይላሉ፤ ምን ያህል እንደሚቆጥብ በቁጥር እንየው።

ቀለል ያለ የአዋቂ ቀሚስ ሁለት ጎን፣ ሁለት እጅጌ፣ ሁለት ብብትና ሁለት ትከሻ አለው። የተቆረጠው ጠርዝ ሁሉ ቢደመር ወደ 9 ሜትር ይጠጋል። የቤት ኦቨርሎክ በደቂቃ እስከ 1,300 ጊዜ ይወጋል፤ አንዱ ስፌት 2.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን በደቂቃ 3 ሜትር ያህል ይሄዳል ማለት ነው። ተራው መኪና በደቂቃ 750 አካባቢ ይወጋል፤ በዚግዛግ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይሄዳል። ሰው ሆኖ በሙሉ ፍጥነት የሚሰፋ የለምና ሁለቱንም በግማሽ ፍጥነት እንውሰድ። በኦቨርሎክ 6 ደቂቃ፣ በዚግዛግ 12 ደቂቃ ይፈጃል። በአንድ ቀሚስ የተረፈው 6 ደቂቃ ነው።

አሁን ደግሞ የኦቨርሎክን ክር እንቀይር። አራቱን ክር በየመንገዳቸው አስገብቶ ውጥረታቸውን ማስተካከል ለጀማሪ ሩብ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ዛሬ ሰማያዊ ቀሚስ፣ ነገ ቀይ ሸሚዝ፣ ከነገ ወዲያ ጥቁር ሱሪ የምትሰፉ ከሆነ፣ የተረፈችው 6 ደቂቃ በክር ቅየራ አልቃ እዳም ትጨምራለች። ብዙ ሰው መኪናውን ገዝቶ ከሣጥኑ ሳያወጣው የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

የእኛ ልብስ ጥቅም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የአገር ልብስ በአብዛኛው ነጭ ነው። ነጭ ክር አንዴ ከገባ፣ የእናት ቀሚስ፣ የሴት ልጅ ቀሚስ፣ የወንዱ ልጅ እጀ ጠባብና ሱሪ፣ የጎረቤት ቀሚስ፣ ሁሉም በዚያው ክር ይሰፋሉ። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና ወይም ለጥምቀት በተከታታይ ስምንት ቀሚስ የምትሰፋ ባለሙያ ክር ሳትቀይር ትጨርሳለች። በአንዱ ቀሚስ 6 ደቂቃ ብትቆጥብ፣ በስምንቱ አንድ ሰዓት ሊሞላ ነው። በዚያ ላይ የውስጥ ስፌቱ ንጹሕ ስለሚሆን ደንበኛዋ ልብሱን ገልብጣ ስታይ ትደሰታለች። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ያሉ አባቶችና እናቶች ይህን ቢያዩ ደስ ይላቸው ነበር። ለጥምቀት የሆነው ቀሚስ ከጥምቀትም በኋላ ይኖራል።

ሁለተኛው ትልቅ ጥቅም የሚለጠጥ ጨርቅ ላይ ነው። የልጆች ፒጃማ፣ ቲሸርት፣ የስፖርት ልብስ የምትሰፉ ከሆነ ተራው ቀጥታ ስፌት ሲለጠጥ ይበጠሳል። ኦቨርሎክ ግን በአንድ ጉዞ ሰፍቶም ዘምዝሞም ይጨርሳል። እዚህ የሚቆጠበው ሰዓት በእጥፍ ነው፤ የስፌቱም ጥንካሬ የሱቅ ልብስ ዓይነት ይሆናል። ለማይለጠጥ ሸማ ግን አሠራሩ የተለየ ነው። ጎኑን መጀመሪያ በተራው መኪና በቀጥታ ስፌት አጥብቃችሁ ስፉ፤ ከዚያ ጠርዙን ብቻ በኦቨርሎክ ምቱ። ሲቀመጡ ሲነሡ የሚመጣውን ጉተታ የሚሸከመው ቀጥታ ስፌቱ ነው።

«መኪናውን ሳልገዛ ምን ላድርግ?» ለምትሉ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ዚግዛግ ነው። የተራውን መኪና ዚግዛግ ጠርዙ ላይ አስኪዱት፤ አንዱ ውጊያ ጨርቁ ውስጥ፣ ሌላው ከጠርዙ ውጭ ይረፍ። ስስ ሸማ እንዳይኮማተርባችሁ የክሩን ውጥረት ላላ አድርጉ። ጠርዝ ለመዘምዘም ተብሎ የተሠራ የመኪና እግርም ለብቻው ይሸጣል፤ ዋጋው ከኦቨርሎክ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሁለተኛው ጠርዙን የሚደብቅ ድርብ ስፌት ነው። መጀመሪያ የጨርቁን ሁለት ውስጥ ፊት ለፊት አድርጋችሁ ከጠርዙ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ስፉ። ትርፉን ከርክሙ፤ ገልብጡትና እንደገና ስፉበት። ጠርዙ በሁለቱ ስፌት መካከል ተቀብሮ ይቀራል። ለነጭ ስስ ሸማ ከዚህ የሚያምር የለም፤ ልብሱ ብርሃን ቢያሳልፍ እንኳ የሚታየው አንድ ንጹሕ መስመር ነው። ሦስተኛው ጠርዙን በስስ ጨርቅ ቁራጭ ጠቅልሎ መስፋት ነው፤ ለአንገትና ለብብት ይመረጣል። በዓመት አንድ ሁለት ቀሚስ የምትሰፉ ከሆነ እነዚህ ይበቋችኋል፤ ገንዘባችሁን አትንኩ።

ታዲያ ማን ይግዛ? የሚከተሉትን ጥያቄዎች ራሳችሁን ጠይቁ። ተራውን መኪና በደንብ ተለማምጃለሁ? በዓል ሲመጣ ብቻ ሳይሆን በየወሩ እሰፋለሁ? የምሰፋው በአብዛኛው አንድ ቀለም ነው? የሚለጠጥ ጨርቅ ይበዛል? ለሰው ሰፍቼ ገንዘብ እቀበላለሁ? ሁለቱን መኪና ጎን ለጎን የማስቀምጥበት ቦታ አለኝ? ቢያንስ ሦስቱን «አዎ» ካላችሁ ግዙ። አንዱን ብቻ ካላችሁ ቆዩ።

በመካከል ያላችሁ ደግሞ አገር ቤት ልብስ ሰፊዎች የሚያደርጉትን አስቡት። በአንድ አካባቢ ብዙ ልብስ ሰፊ በአንድ ኦቨርሎክ ይጠቀማል። በአንድ ሕንፃ ወይም በአንድ ደብር ያላችሁ ሦስት አራት ሴቶች ወይም ወንዶች እቁብ ጥላችሁ አንድ መኪና በጋራ ብትገዙ፣ ሥራው የበዛበት ሰው ቤት ቢቀመጥ፣ ሌላው ልብሱን ቀጥታ ሰፍቶ ለጠርዙ ብቻ ቢያመጣ፣ ወጪው ቀሎ መኪናውም ሥራ አይፈታም። ከመግዛት በፊት መሞከርም ይቻላል። ዲሲ መሀል ከተማ የሚገኘው የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተ መጻሕፍት የስፌት መኪና ያለው የእጅ ሥራ ክፍል አለው። ኦቨርሎክ መኖሩንና የሚጠቀሙበትን ሁኔታ ደውላችሁ ጠይቁ፤ በአቅራቢያችሁ ያለውን የካውንቲ ቤተ መጻሕፍትም እንዲሁ።

እሺ፣ ወስናችኋል እንበል። ስትገዙ ምን ትመለከታላችሁ?

ለጀማሪ የሚሆነው ባለ አራት ክር የቤት ኦቨርሎክ፣ እንደ ብራዘርና ሲንገር ያሉት፣ በአብዛኛው ከ200 እስከ 400 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛል። ክሩን በአየር ግፊት ራሱ የሚያስገባው ዓይነት፣ ለምሳሌ የቤቢ ሎክ፣ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ብዙውም ከ1,000 ዶላር ያልፋል። የክር ቅየራ ለሚበዛበት ባለሙያ ተጨማሪው ገንዘብ ትርጉም አለው። ነጭ ብቻ ለሚሰፋ ግን ርካሹ ይበቃል። ዲፈረንሻል ፊድ የሚባለው ማስተካከያ ያለው ይሁን። ይህ የፊትና የኋላ የጨርቅ ጥርሶች በተለያየ ፍጥነት እንዲሄዱ ያደርጋል። የሚለጠጥ ጨርቅ እንዳይንዘረፈፍ ከ1 በላይ፣ ስስ ጨርቅ እንዳይኮማተር ከ1 በታች ታደርጉታላችሁ።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሁለት ቁራጭ ጨርቅ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱ ከራሳችሁ ሸማ፣ ሌላው ከአሮጌ ቲሸርት ይሁን። ሻጩ ፊታችሁ ይስፋ። ቢላዋው ንጹሕ ይቆርጣል ወይስ ይጎትታል? ስፌቱ ይዘላል? ሲሠራ ያንኳኳል? መርፌው በየሱቁ የሚገኘው ተራ መርፌ ነው ወይስ ልዩ ዓይነት? ልዩ ከሆነ መርፌ ፍለጋ ያስቸግራችኋል።

የክርን ወጪም አትርሱ። ተራ ስፌት ለአንድ ሜትር ከ3 ሜትር ያነሰ ክር ይበላል፤ ባለ ሦስት ክር ኦቨርሎክ ግን ወደ 14 ሜትር ይበላል። ስለዚህ 3,000 ያርድ የሚይዘውን ትልቁን ጥቅል ግዙ። የጆአን ጨርቅ መደብሮች እ.ኤ.አ. በ2025 በሙሉ ስለተዘጉ፣ ክርን በዓይን አይቶ መግዛት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። የሚስማማችሁን ነጭ ስታገኙ አራት ጥቅል አንድ ላይ ያዙ።

መኪናውን ወደ አገር ቤት ለመላክ ያሰባችሁም አላችሁ። እዚህ የሚሸጠው በ120 ቮልት የሚሠራ ነው፤ ኢትዮጵያ ያለው መብራት 220 ነው። በቀጥታ ከተሰካ ሞተሩ ይቃጠላል። የመኪናውን ዋት የሚሸከም ትራንስፎርመር አብራችሁ ላኩ፤ ወይም ተቀባዮቹ ለ220 የተሠራውን እዚያው ይግዙ።

በመጨረሻም መኪናውን ስትለማመዱ ሁለት ምክር ያዙ። አንደኛ፣ ለመማሪያ አራት የተለያየ ቀለም ያለው ክር ተጠቀሙ። ስፌቱ ሲበላሽ የትኛው ክር እንደላላ ወይም እንደጠበቀ በቀለሙ ወዲያው ይታያል። ሁለተኛ፣ ክር ስትቀይሩ ከአዲስ አትጀምሩ። አሮጌውን ከላይ ቆርጣችሁ አዲሱን ከጫፉ ጋር ቋጥሩና ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ቋጠሮው መርፌው ዘንድ ሲደርስ ቆርጣችሁ ክሩን በእጅ አስገቡ። የእጅ ፈትል ብናኝ ስለሚበዛው ሥራ በጨረሳችሁ ቁጥር ውስጡን በብሩሽ ጥረጉት፤ ዘይቱንም መመሪያው እንደሚለው ስጡት።

አድማጮቻችን፣ ስፌት በዚህ አገር ለብዙ ወገኖቻችን እንጀራ ሆኗል፤ ለብዙ ቤት ደግሞ ልጆች የአገራቸውን ልብስ ኮርተው እንዲለብሱ አድርጓል። ይህን ሙያ የሚያሳድገው ውድ ዕቃ መግዛት አይደለም። በሚገባ የተያዘ ጠርዝ፣ ቀጥ ያለ ስፌትና የሥራውን ልክ ማወቅ ነው። በዚህ ሳምንት ቤታችሁ ካለው የአገር ልብስ አንዱን ገልብጡና ጠርዞቹን ፈትሹ። መተርተር የጀመረ ካለ በዚግዛግ ያዙት። ያ ሥራ ስንት ልብስ ላይ እንደሚደጋገም ስታዩ፣ ኦቨርሎክ እንደሚያስፈልጋችሁ ወይም እንደማያስፈልጋችሁ ማንም ሳይነግራችሁ ታውቁታላችሁ።